የማይጠፋው ሦስተኛ ኮምፒውተር

ገሱባ፣ ጥር 13 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለጋሽ ቦጋለ፣ ሶዶ

ጋሽዬ፣ እንኳን ለጥምቀት በሰላም አደረስዎ፤ እትዬ ሳህሊቱንም እንዲሁ። እኔ በጌታ ቸርነት ደህና ነኝ። ካርቶኑ ደርሶኛል። ቶማ ሚኒባሱን ገና ሳያቆም በመስኮት አውጥቶ ሲያሳየኝ ትምህርቱን አቋርጬ ሮጬ ወጣሁ። ተማሪዎቼ ከሶዶ ሽማግሌ የተላከብኝ መስሏቸው አጨበጨቡ። ሦስት የኮምፒውተር ማቀዝቀዣ ፋን ነው ብላቸው ማን ይመነኝ።

የጠየቁኝን ልመልስ። ኮምፒውተሮቹ ሲጠፉ ምንም አያስጠነቅቁም፤ ሰው እየጻፈ ሳለ ድርግም ይላሉ። ሰዓት ይዤ ቆጥሬያለሁ፤ ከአርባ ደቂቃ ያለፈ የለም፣ ከሰዓት በኋላ ሲሆን ደግሞ ሃያ አምስትም አይሞላቸውም። ግማሽ ሰዓት ካረፉ በኋላ ይነሳሉ። ሰባቱ እንዲህ ናቸው። ሦስተኛው ግን ፋኑ ጭራሽ ስለማይዞር አምስት ደቂቃ አይቆይም፤ እንደ ሞተ ቆጥሬ ጥግ አስቀምጬዋለሁ።

ውስጣቸው አቧራ ሞልቶ እንዳይሆን ላሉኝ፣ እሱስ የለም። የገሱባ አቧራ በጥር ያስለቅሳል፤ ግን እማማ አሳየሽ እያሉ አቧራ ወደ እኛ ክፍል አይገባም። ክፍሉን የሚያጸዱት የአጥቢያችን እናት ናቸው። ኮምፒውተሮቹ ከመጡ ጀምሮ ለእያንዳንዳቸው ዳንቴል ሠርተዋል፤ ከውስጥ አቡጀዲ ገበር አለው፣ ከፊት ለማብሪያው ቁልፍ የሚሆን ክፍት ትተውለታል፣ ከኋላ እስከ ጠረጴዛው ይወርዳል። «እግዚአብሔር ፍቅር ነው» ብለው በቀይ ክር ጠልፈውበታል። ሰው እንኳ እንዲህ የሚለብስ የለም። ሰባቱን ጨርሰው ስምንተኛው ላይ ዓይናቸውን አሟቸው ቆመዋል።

አሁን የሚያስጨንቀኝን ልንገርዎ። ኮምፒውተሮቹን የሰጠን የቤተ ክርስቲያናችን ኮሚቴ መጋቢት 15 ቀን መጥቶ ሥራችንን ያያል። ደብዳቤያቸው አጭር ነው፤ ማሽኖቹ በዚያን ዕለት ሙሉ ቀን ካልሠሩ ተጭነው ሌላ ቦታ ይሄዳሉ። ሃያ አራት ተማሪ አለኝ፤ ግማሾቹ ሁለት ሰዓት በእግራቸው ተጉዘው ነው የሚመጡት። ክፍሉ ባዶውን ሲቀር ማየት አልችልም። ከሦስቱ የቱ ነው የሚያድነኝ? እርስዎ የቱን ይመርጣሉ?

ልጅዎ ብሩክታይት

ሶዶ፣ ጥር 20 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ለገሱባዋ መሐንዲስ

ብሩክቴ፣ ደህና ነሽ ወይ? እኛ ደህና ነን። ሳህሊቱ «ያቺ ልጅ ከሳች ወይስ ወፈረች?» ብላ ቶማን ጠይቃው፣ «ሁልጊዜ ስትሮጥ ስለማያት አላውቅም» አላት።

የቱን እመርጣለሁ? አልመርጥም። ሁለት ዓመት ሱቄ ውስጥ ያሠለጠንኩሽ እኔ እንድመርጥልሽ አይደለም። ስለ እያንዳንዱ የማውቀውን ግን ልንገርሽ። ጥቁሩ ሃያ ስምንት ብር ነው። መሐሉ በዘይት ብቻ ስለሚዞር ዘይቱ ሲደርቅ ማጉረምረም ይጀምራል። ሰማያዊው ሰባ አምስት ብር ነው፤ ሲዞር መብራት ይረጫል፣ ባለ ሱቁም ዋጋውን የቆለለው ለመብራቱ ነው። በመብራቱ እንዳትታለዪ፤ ፕሮሰሰር ዓይን የለውም። ግራጫው ከአሮጌ ማሽን የተፈታ ነው፣ አርባ ብር። በጥቃቅን የብረት ኳሶች ላይ ስለሚዞር አርጅቶም ድምፁ አይሰማም። እኔ እዚህ ስሞክረው ጥሩ ነበር፤ ግን የሶዶ ደጋና የገሱባ ሙቀት አንድ አይደሉም።

ሦስት ነገር ጻፊልኝ። ስንት ደቂቃ ሳይጠፋ ይቆያል? ድምፁ ከስንት እርምጃ ይሰማል? ሁለቱ ከዋጋው ጋር ሲታዩስ ያዋጣል? ሦስቱንም በአንድ ማሽን ላይ፣ በአንድ ዓይነት ሰዓት ፈትኚ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንደሚባለው እንዳይሆንብሽ። ፕሮሰሰሩና ፋኑ መሐል የሚቀባውን የሙቀት ቅባት ደግሞ እንደ ቅቤ አትለቅልቂው፤ የስንዴ ፍሬ ታህል ይበቃል።

ቦጋለ

ገሱባ፣ የካቲት 4 ቀን 1999 ዓ.ም.

ጋሽ ቦጋለ፣

ሰላምታዬ ዛሬ አጭር ነው፣ ይቅር ይበሉኝ። አገኘነው። ጥቁሩ ነው። ያ የሃያ ስምንት ብሩ!

ከመጀመሪያው ልንገርዎ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ዕለት ማታ አልተኛሁም ብል ማጋነን አይሆንም። በማግስቱ ሦስቱን በአንድ ቀን ለማየት ስለጓጓሁ ግራጫውን በአንደኛው፣ ሰማያዊውን በሁለተኛው፣ ጥቁሩን ደግሞ በዚያ በሞተው በሦስተኛው ላይ ገጠምኳቸው። በአንድ ማሽን ብለውኝ ነበር፣ አውቃለሁ፤ ግን ስምንቱም መንትዮች ናቸው፣ አንድ ቀን የተሠሩ ናቸው፣ ምን ልዩነት አላቸው ብዬ ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሦስቱንም አስነሳሁ። ተማሪዎቹ ትምህርቱን ትተው በሦስት ወገን ተከፍለው ቆሙ። ሴቶቹ በሙሉ ከሰማያዊው ጋር ነበሩ፤ መብራቱ በዳንቴሉ ቀዳዳ ሾልኮ ግድግዳው ላይ ሲጨፍር አይተው እንዴት ይተዉት።

ግራጫው አርባ አምስት ደቂቃ ቆይቶ ጠፋ። ሰማያዊው አምሳ ላይ ድርግም አለ፣ ሴቶቹም አብረው ጸጥ አሉ። ጥቁሩ አንድ ሰዓት አለፈ። ሁለት ሰዓት አለፈ። ለምሳ የወጣ ተማሪ የለም፤ እማማ አሳየሽ ራሳቸው በር ላይ ቆመው «ገና ነው?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንዳይጎዳ ብዬ በእጄ አጠፋሁት። ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ፤ እኔም በማግስቱ ደገምኩት፣ በሦስተኛውም ቀን ደገምኩት። አልጠፋም!

ድምፁን ለጠየቁኝ፣ እሱ ላይ አልዋሽዎትም። አንድ ተማሪ ዓይኑን በሻሽ አስሬ ከበሩ ጀምሮ ወደ ጓሮው አስኬድኩት። የግራጫው ድምፅ ስድስት እርምጃ ላይ ጠፋው፣ የሰማያዊው አሥራ አራት ላይ። የጥቁሩን ግን ሠላሳ ሁለት እርምጃ ሄዶ እንሰቱ መሐል ገብቶም «ይሰማኛል» አለ። ስምንቱ አንድ ላይ ሲነሱ ወፍጮ ቤት ነው የምንሆነው። ይሁን፤ የሚጮህ ኮምፒውተር ከሌለ ኮምፒውተር ይሻለኛል።

ሰባት ጥቁር ፋን ይላኩልኝ። ኮሚቴው ይምጣ እንግዲህ።

ብሩክታይት

ሶዶ፣ የካቲት 12 ቀን 1999 ዓ.ም.

ብሩክቴ፣

ደብዳቤሽን ቆሜ አንብቤ ጨረስኩት። ሳህሊቱ ምን እንዳገኘሁ ብትጠይቀኝ «የሃያ ስምንት ብር ጀግና» አልኳት። ጾም ገብቶ ከሥጋና ከወተት ርቄ ነው እንጂ ድግስ ይገባኝ ነበር።

በአንድ ማሽን ፈትኚ ያልኩሽን ባለመስማትሽ አንድ ቀን እቆጣሻለሁ፤ ዛሬ ግን ደስ ብሎኛልና ልተወው። ግራጫው በአርባ አምስት ደቂቃ መውደቁ ብቻ አልገባኝም። እኔ ዘንድ ሙሉ ቀን ሠርቶ ነበር። የአገሩ ሙቀት ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ሰባቱ ካርቶኑ ውስጥ አሉ፤ ቅባትም ጨምሬያለሁ። ጥቁሩን በሶዶ ላሉ ጠጋኞች ሁሉ አውርቼላቸዋለሁ። ሲስቁብኝ «ገሱባ ሄዳችሁ እዩ» አልኳቸው። ለራሴም አንድ አስቀርቻለሁ። የሱቄ ኮምፒውተር ሁለት ዓመት ሙሉ ቀትር ሲሆን እንደምትጠፋ ታውቂያለሽ፤ መብራቱ እየወረደ ነው እያልኩ ኖሬያለሁ። እስኪ ጥቁሩን ልግጠምላትና ልያት።

ቦጋለ

ገሱባ፣ የካቲት 29 ቀን 1999 ዓ.ም.

የተከበሩ ጋሽ ቦጋለ፣

ሁለት ጊዜ ጻፉልኝ፣ ሁለት ጊዜ ዝም አልኩ። ቶማ ሲመለስ «መልስ የለሽም?» ሲለኝ ፊቴን አዙሬ የለም አልኩት። ታምሜ አልነበረም፤ አፍሬ ነበር። ይቅር ይበሉኝ።

ሰባቱን ጥቁሮች የገጠምኩት በደረሱበት ዕለት ነው። ሰባቱም ይጠፋሉ። አርባ አምስት ደቂቃ፣ አምሳ ደቂቃ፣ ከዚያ ድርግም። እየጮኹ ይሠራሉ፣ እየጮኹ ይጠፋሉ። ሦስተኛው ብቻ ጥግ ላይ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ይሠራል። ይህንን እንዴት ብዬ ልጻፍልዎ? በሶዶ ሁሉ አውርተውልኛል።

ሦስተኛው ከሌሎቹ በምን ይለያል ቢሉኝ፣ በምንም። ያው ፕሮሰሰር፣ ያው ሚሞሪ፣ ያው ጠረጴዛ ነው። መስኮት አጠገብም አይደለም። ቅባቱን አጥቤ እንደገና ቀብቻለሁ። የሦስተኛውን ፋን ፈትቼ በአምስተኛው ላይ ብገጥመው አምስተኛው በአርባ ስምንት ደቂቃ ጠፋ፤ የአምስተኛውን በሦስተኛው ላይ ባደርገው ሦስተኛው እስከ ማታ ሠራ። ያን ቀን ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ለኮሚቴው አሥራ ስድስት ቀን ቀርቷል። ጥቁሮቹን መልሼ ሰማያዊ ልውሰድ ወይ? ተማሪዎቹ አዋጥተው ሊገዙልኝ ይላሉ፤ እኔ ግን ሁለተኛ ልሳሳትባቸው አልፈልግም።

አንድ ደስ የሚል ነገር ብቻ አለኝ። እማማ አሳየሽ ሶዶ ሆስፒታል ታክመው ዓይናቸው ድኗል። የሦስተኛውን ዳንቴል ጀምረዋል፤ ለእንግዶቹ ቀን ስምንቱም ለብሰው እንዲታዩ ነው የሚጣደፉት። እንዳይከፋቸው ብዬ ማሽኖቹ ተጭነው ሊሄዱ እንደሚችሉ እስካሁን አልነገርኳቸውም።

ብሩክታይት

ገሱባ፣ መጋቢት 6 ቀን 1999 ዓ.ም.

ጋሽዬ፣

«ሰማያዊ አትግዢ፣ ምንም አትንኪ፣ እኔ ራሴ እመጣለሁ» ያሉት ወረቀት ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። አይምጡ። ቁጭ ይበሉና ያንብቡ።

ሰኞ ዕለት እማማ አሳየሽ ስምንተኛውን ዳንቴል ጨርሰው አመጡ። ስታርች ተነክሮ፣ ተተኩሶ፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ለሦስተኛው ራሳቸው አለበሱት፤ እኛም አጨበጨብንላቸው። ከአምሳ ሁለት ደቂቃ በኋላ ሦስተኛው ጠፋ።

ተማሪዎቹ አዘኑ። እኔ ግን ቆሜ ቀረሁ። አንድ ወር ሙሉ ያልጠፋ ማሽን በአንድ ዳንቴል ጠፋ። ሄጄ ከኋላው፣ ከጨርቁ ሥር እጄን ባስገባ እንደ ምድጃ ነው። ጋሽዬ፣ ፋኑ ትኩሱን አየር ወደ ውጭ ይገፋል፣ አቡጀዲው ተቀብሎ መልሶ ያስገባዋል። ስምንቱም ራሳቸው የተፉትን ነው መልሰው የሚተነፍሱት። የሁሉንም ዳንቴል ከኋላ ገልጬ አስነሳኋቸው፤ ይኸው እስከ ዛሬ አንዱም አልጠፋም።

ከዚያ በአንድ ማሽን ላይ፣ መጀመሪያ እንዳዘዙኝ፣ ሦስቱን በየቀኑ አንድ እያልኩ በተራ ፈተንኳቸው። የሙቀቱ ልዩነት ሁለት ዲግሪ ብቻ ነው፤ ሦስቱም ሙሉ ቀን ይሠራሉ። ብልጫቸው በድምፅ ብቻ ነው፤ በዚያ ደግሞ ግራጫው ማንንም አያስጠጋም። ጥቁሩ ርካሽና ጯሂ ነው፣ በቃ። ከሁሉም የሚያሳፍረውን ልንገርዎ? ከሰባቱ የፈታኋቸውን አሮጌዎቹንም ፋኖች አንድ በአንድ ሞከርኳቸው፤ ምንም ችግር የለባቸውም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው ያደረግነው።

ስናስጨንቃቸው የከረምነው በገዛ ክብራችን ነው። ለተከበረ ነገር ልብስ እናለብሳለን፤ ቴሌቪዥኑም፣ ሬዲዮኑም፣ ሶፋውም ይለብሳል። ፋኑን ስገጥም ዳንቴሉን አንስቼ፣ ስጨርስ በጥንቃቄ መልሼ አለብሰው ነበር። አንድ ቀን እንኳ አልጠረጠርኩትም።

አሁን የቸገረኝ ሌላ ነው። እማማ አሳየሽ የዓይናቸውን ብርሃን የጨረሱት በእነዚህ ዳንቴሎች ነው። ዛሬ እንኳ ከኋላ ተገልጠው ቢያዩ አንድ በአንድ መልሰው አለበሷቸው፤ «ማነው የሚያራቁታቸው?» አሉ። ለእንግዶቹ ቀን አዲስ ነጠላ ገዝተዋል። ዳንቴሎቹ የኮምፒውተሮቹ በሽታ ነበሩ ብዬ በምን አፌ ልንገራቸው? ዝም ብል ደግሞ በእንግዶቹ ፊት ይጠፋሉ። ይምከሩኝ።

ብሩክታይት

ሶዶ፣ መጋቢት 9 ቀን 1999 ዓ.ም.

ብሩክቴ ልጄ፣

ይህን ደብዳቤ ሳህሊቱ ቅዳሴ ሄዳ ነው የምጽፈው። ምክንያቱን አሁን ታውቂዋለሽ።

ያንቺን እያነበብኩ ሳለ ቀና ብዬ የሱቄን ኮምፒውተር አየኋት። ምን እንደለበሰች ልንገርሽ? ሳህሊቱ የዛሬ ሁለት ዓመት ለትንሣኤ የሠራችላት ዳንቴል፣ ከነዘርፉ። ሁለት ዓመት! እኔ ሃያ ዓመት ሬዲዮ የጠገንኩ፣ ስድስት ዓመት ኮምፒውተር የፈታሁ፣ አንቺን ያሠለጠንኩ ሰው፣ በየቀኑ ያንን ጨርቅ እያስተካከልኩ መብራቱን ስረግም ኖርኩ። ጥቁሩንም ገጥሜላት ነበር፤ ቀትር ላይ እየጮኸች ጠፋች። ለማንም አልተናገርኩም፤ ላንቺም ጭምር። ይቅር በይኝ።

ዛሬ ገልጬ አስነሳኋት። ቀትር አለፈ፣ አልጠፋችም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ብቻዬን ሱቅ ውስጥ ቆሜ ሳቅኩ፤ አንድ ደንበኛ በር ላይ መጥቶ አየኝና ተመለሰ።

ምክር ጠየቅሽኝ። የለኝም። እኔም ለሳህሊቱ እንዴት እንደምነግራት ጨንቆኝ ተቀምጫለሁ፤ ስትመለስ ኮምፒውተሯን መልሼ ነው የማለብሳት። አንድ ነገር ብቻ ልበልሽ። እማማ አሳየሽ ኮምፒውተሮቹን ካንቺ እኩል ይወዳሉ። ከወደዱ ደግሞ እውነቱን ማወቅ ይገባቸዋል። በቃል አትንገሪያቸው፤ እጃቸውን ይዘሽ አሳዪያቸው። ብልሃቱን ካገኘሽው ቶሎ ጻፊልኝ፣ ለእኔም ያስፈልገኛል።

ቦጋለ

ገሱባ፣ መጋቢት 17 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለጋሽ ቦጋለ፣

ጋሽዬ፣ አልተጫኑም። ስምንቱም እዚሁ ናቸው። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት ሌላውን ረጋ ብለው እንዲያነቡ ነው።

እንዳሉኝ አደረግሁ። ማክሰኞ ተማሪዎቹ ሲወጡ እማማ አሳየሽን አስቀርቼ እጃቸውን ከዳንቴሉ ሥር፣ ከአንደኛው ኋላ አስገባሁት። ደንግጠው መልሰው አወጡት። ከዚያ ጨርቁን ገለጥኩና ጥቂት ቆይቼ እንደገና እንዲነኩ አደረግሁ። ምንም አላልኳቸውም። በወላይትኛ «ይህማ ትኩሳት ነው» አሉኝ። ቆይተው ደግሞ «ልጅ ሲያተኩሰው ልብስ ይደረብለታል እንዴ? ስድስት ወር ሙሉ አፍኜያቸው ኖሬያለሁ፤ ለምን ዝም አልሽኝ?» አሉ። እኔም አላውቅም ነበር አልኳቸው። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ የእኔም። እንደዚያ ቀን የከበደኝ ነገር የለም።

ከዚያ መቀስ አምጪ አሉኝ። ይቅር፣ አጣጥፈን እናስቀምጠው ብዬ ለመንኳቸው፤ አልሰሙኝም። በእያንዳንዱ ዳንቴል ጀርባ ላይ ልክ በአየሩ መውጫ በኩል ክብ አድርገው ቆረጡ፣ ገበሩንም ጭምር። ሁለት ቀን ሙሉ ዙሪያውን በቀይ ክር እንደ አበባ ቅጠል እየሠሩ ከፈፉት። አሁን የኮምፒውተሮቹ ጀርባ ከፊታቸው ያምራል። ለመሞከር ዓርብ ሙሉ ቀን ለብሰው ሠሩ፤ አንዱም አልጠፋም።

ኮሚቴው ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ገባ። ያየሁትን ሁሉ ልጽፍልዎ አልችልም፤ ግማሹን አላስታውሰውም። አሮጌዎቹን ፋኖች ለመመለስ ጊዜ ስላልነበረኝ ስምንቱም ጥቁሮች በአንድነት ያጉረመርማሉ። ሰብሳቢው ሽማግሌ ሊጸልዩ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበርና መልሰው ገለጡት። «ይህ ድምፅ ምንድን ነው? ብልሽት አለባቸው?» አሉ። እማማ አሳየሽ በአዲሱ ነጠላቸው ከበሩ አጠገብ ተነስተው በአማርኛ መለሱላቸው፤

«አባቴ፣ እየተነፈሱ ነው።»

ሽማግሌው ወደ ጀርባቸው ሄደው እጃቸውን አበባው ፊት አደረጉ፣ ነፋሱ ነካቸው። ሳቁ። ከዚያ ጸለዩ፣ በድምፁ ላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። እስከ አሥር ሰዓት ቆዩ። ሲወጡ ሌላ ሁለት ኮምፒውተር እንደሚጨምሩልን ተናገሩ፤ እማማ አሳየሽም ክር ይዘው መጥተዋል፣ ዛሬ ጀምረዋል። ጥቁሮቹን በዚህ ሳምንት ፈትቼ እመልስልዎታለሁ፤ ለአዲሶቹ ሁለት ግራጫ ይፈልጉልኝ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ቶማ አንድ ጥቅል ያመጣልዎታል። ዳንቴል ነው፣ ከኋላው ክብ አበባ ያለው። የእርስዎንና የእትዬ ሳህሊቱን ነገር ለእማማ አሳየሽ አልነገርኩም፤ ለባለሙያው ሚስት ከገሱባ ስጦታ ይሁን ብዬ ብቻ ነው ያሠራሁት። እትዬ ሳህሊቱ አዲሱን ያለብሱ፣ አሮጌው ለሬዲዮኑ ይሁን። ምንም መናገር አይጠበቅብዎትም።

እማማ አሳየሽ ጥቅሉን ሲያስሩ ያሉትን ግን ልደብቅዎት አልችልም። «ያ የሶዶ ባለሙያ ነገሩን ከመጀመሪያው ሳያውቀው አልቀረም» አሉኝ። «እኔን ላለማሳፈር ብሎ ነው ዝም ያለው። እንዲህ ያለ ጨዋ ሰው ከየት ይገኛል?»

እኔም ዝም አልኩ።

ልጅዎ ብሩክታይት